የወተት ምትክ በሊትር አይለካም

ከዕፅዋት የሚዘጋጁ ወተቶች በተነሡ ቁጥር አንድ ዓይነት ሰንጠረዥ ይዘረጋል። የላም ወተት ከላይ፣ አልሞንድ፣ አጃ፣ አኩሪ አተርና ሩዝ ከሥር ይሰለፋሉ፤ ከየስማቸው ጎን አንድ ሊትሩን ለማምረት የሚወጣው የሙቀት አማቂ ጋዝ፣ የሚያዘው መሬትና የሚፈጀው ውሃ ይሰፍራል። የላሟ ቁጥር ሁሉንም ስለሚበልጥ ፍርዱ ሳይውል ሳያድር ይሰጣል፦ የትኛውም የዕፅዋት ወተት ከላም ወተት ይሻላል፤ የቀረው የጣዕም ጉዳይ ነው። ይህ አመለካከት ዛሬ በጋዜጣው አምድም፣ በካፌው ባንኮኒም፣ በሱፐርማርኬቱ መደርደሪያም ሥር ሰድዷል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ የተበላሸው መስፈሪያው ነው።

አብዛኞቹ ሰንጠረዦች የሚቀዱት ከአንድ ጥናት ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ፑርና በስዊዘርላንዱ የግብርና ምርምር ተቋም በአግሮስኮፕ የሚሠራው ቶማስ ኔሜሴክ በ2018 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ይህ ጥናት በ119 አገሮች የሚገኙ የ38,700 ያህል እርሻዎችን መረጃ አሰባስቦ ያነጻጸረ ነው። በእሱ መሠረት ለአንድ ሊትር የላም ወተት በዓለም አማካይ 3.2 ኪሎ ግራም ያህል የሙቀት አማቂ ጋዝ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመን ይለቀቃል፤ 9 ካሬ ሜትር መሬት ይያዛል፤ 628 ሊትር ውሃ ይፈጃል። የአልሞንድ ወተት በ0.7 ኪሎ ጋዝና በ371 ሊትር ውሃ፣ የሩዝ በ1.2 ኪሎና በ270 ሊትር፣ የአጃ በ0.9 ኪሎና በ48 ሊትር፣ የአኩሪ አተር ደግሞ በ1 ኪሎ ገደማና በ28 ሊትር ይመረታል። መሬቱን በተመለከተ አራቱም ከአንድ ካሬ ሜትር አይዘልቁም። ቢቢሲ በ2019 እ.ኤ.አ. እነዚህኑ ቁጥሮች በብርጭቆ መትሮ ካቀረባቸው ወዲህ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ የአደባባይ እውቀት ሆነዋል።

ሊትር ግን የመጠን መለኪያ ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ስላለው ምግብ የሚናገረው ነገር የለም። በአውሮፓ ገበያ የሚሸጥ አንድ የተለመደ የአልሞንድ ወተት ካርቶን ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። በመጀመሪያ የተጻፈው ግብዓት ውሃ ነው። ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ስኳር ይመጣል። ከዚያ አልሞንድ ይጠቀሳል፤ ከጎኑ 2.3 ከመቶ ወይም ለዚያ የቀረበ አኃዝ ይታያል። ከእሱ በታች ካልሲየም፣ ጨው፣ ፈሳሹ እንዳይለያይ የሚጨመሩ ማወፈሪያዎችና ቫይታሚኖች ተደርድረዋል። 2.3 ከመቶ ማለት በሊትር 23 ግራም፣ በፍሬ ሲቆጠር 20 ያህል አልሞንድ ነው፤ ሰው ጨዋታ እያወራ አንድ ጊዜ አፍሶ የሚቅመው ነው። ከዚህ እፍኝ የሚገኘው ፕሮቲን 5 ግራም አይሞላም። አንድ ሊትር የላም ወተት 33 ግራም ገደማ፣ የአኩሪ አተር ወተትም ከ30 እስከ 33 ግራም ፕሮቲን ሲይዝ፣ የአጃው 10፣ የሩዙ 3 ግራም አካባቢ ነው። የኮኮናት መጠጥ ከሩዙም ያነሰ ነው።

እንግዲህ የአልሞንድ ወተት ለአየር ንብረት እንዲህ ገር የሆነው በውስጡ አልሞንድ ከስንት አንድ ስለሆነ ነው። በሊትር ስሌት ከሄዱማ ሁሉንም የሚያሸንፈው የቧንቧ ውሃ ነው።

ያንኑ ጥናት ሳይለቁ መስፈሪያውን ብቻ መቀየር ይቻላል። 10 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት ከላም ወተትም ሆነ ከአኩሪ አተር ወተት 3 ዲሲ ሊትር፣ ማለትም አንድ ትልቅ ብርጭቆ ይበቃል። ከአጃ አንድ ሙሉ ሊትር፣ ከአልሞንድ ሁለት ሊትር፣ ከሩዝ ከሦስት ሊትር በላይ መጠጣት ያስፈልጋል። ጋዙም በዚያው ልክ ይባዛል። ለ10 ግራም ፕሮቲን የላም ወተት አንድ ኪሎ ገደማ ይለቃል፤ አጃው 0.9 ኪሎ ስለሆነ በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። አልሞንዱ 1.4 ኪሎ ይደርስና ላሟን ይበልጣታል። ሩዙ ወደ 4 ኪሎ ይወጣል። የውሃው ነገር ደግሞ የባሰ ነው፦ ላሟ 190 ሊትር፣ አልሞንዱ 740 ሊትር፣ ሩዙ 900 ሊትር። አኩሪ አተር በዚህም መስፈሪያ ከቦታው አይነቃነቅም፤ 0.3 ኪሎ ጋዝና ከ9 ሊትር ያልበለጠ ውሃ ይዞ ይቀራል። ላሟ በየትኛውም ስሌት የምትሸነፈው በመሬት ነው፤ ለዚያው 10 ግራም 2.7 ካሬ ሜትር ስትይዝ አልሞንድና ሩዝ አንድ ካሬ ሜትር አካባቢ፣ አኩሪ አተር 0.2 ይበቃቸዋል። የላም ወተት ጠበቆች ይህን ሊክዱት አይችሉም።

የሊትር ሰንጠረዥ ተሟጋቾች በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። ሰው ወተት የሚጠጣው ለፕሮቲን ብቻ አይደለም ይላሉ። ሀብታም አገር ያለ ሰው ፕሮቲን ተርፎታል፤ ጿሚውም ቢሆን ሽሮ፣ ምስርና ክክ እየበላ የሚውል ስለሆነ በወተቱ ውስጥ የሚፈልገው ሌላ ነው። ይህ እውነት ነው። የወተት ሌላው ጥቅም ካልሲየም፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ሪቦፍላቪንና አዮዲን ነው። ነገር ግን ክርክሩ እዚህ ሲደርስ የአልሞንዱን አቋም ጭራሽ ያዳክመዋል። በካርቶኑ ጀርባ የሚታየው 120 ሚሊ ግራም ካልሲየም በ100 ሚሊ ሊትር የመጣው ከአልሞንዱ አይደለም፤ ፋብሪካው እንደ ዱቄት የጨመረው ነው። ቢ12 የትኛውም አዝርዕት ውስጥ አይገኝም፤ እሱም የተጨመረ ነው። እነዚህን ማዕድናትና ቫይታሚኖች አጃ ላይ፣ ሩዝ ላይ፣ አኩሪ አተር ላይ፣ ቢፈለግ ብርቱካን ጭማቂ ላይ በእኩል ዋጋ መጨመር ይቻላል፤ ይደረጋልም። ሁሉም ላይ እኩል የሚጨመረውን ቀንሶ ተክሉ ራሱ ያዋጣውን ሲመለከቱት የሚቀረው ፕሮቲኑና ስቡ ነው፤ በዚያ ደግሞ ውድድሩ አልቋል።

የተጨመረው ካልሲየም ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ዱቄቱ ፈሳሹ ውስጥ አይሟሟም፤ ካርቶኑ ቆሞ ሲከርም እታች ይዘቅጣል። ሳይነቀነቅ የቀዳ ሰው ማሸጊያው ላይ ያነበበውን ካልሲየም ሳይሆን ውሃውን ይጠጣል፤ ካልሲየሙ ከባዶው ካርቶን ጋር ይጣላል። አዮዲን ደግሞ ብዙዎቹ አምራቾች የሚረሱት ነገር ነው። በብሪታንያ ሕዝቡ አዮዲን የሚያገኘው በዋናነት ከላም ወተት ስለሆነ፣ ወተቱን ትቶ ወደ ዕፅዋት መጠጥ የዞረ ሰው ከሌላ ምግብ ካልተካው ይጎድልበታል። አዮዲን ያለው ጨው በተለመደበት አገር ይህ ያን ያህል አያሳስብም።

ውሃውን በተመለከተ ሊትር ሁሉ እኩል አይደለም፤ ሰንጠረዡ ይህንንም ይሰውራል። ከዓለም የአልሞንድ ምርት 80 ከመቶ ያህሉ የሚመጣው ከአንድ የአሜሪካ ግዛት፣ ከካሊፎርኒያ ነው። ዛፎቹ የተተከሉት ማዕከላዊ ሸለቆ በሚባለው፣ በጋው ዝናብ በማያውቀው ሜዳ ላይ ነው። ድርቅ ሲመጣ ቲማቲም የሚዘራ ገበሬ መሬቱን አንድ ዓመት ጦም ያሳድራል፤ የአልሞንድ ዛፍ ግን ውሃ ከተከለከለ የብዙ ዓመት ልፋት ይደርቃል። ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ ይሳባል። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ሲሟጠጥ በሸለቆው አንዳንድ ቦታ መሬቱ ራሱ በሜትር የሚቆጠር ወደ ታች ሰምጧል፤ ግዛቲቱም በ2014 እ.ኤ.አ. የከርሰ ምድር ውሃ አጠቃቀምን የሚገድብ ሕግ ለማውጣት ተገድዳለች። በየዓመቱ የካቲት ላይ አበባው ሲፈነዳ ደግሞ ከመላ አሜሪካ ለንግድ ከሚያገለግሉት የንብ መንጋዎች የሚበዙት በጭነት መኪና ወደዚያው ይጋዛሉ። ዝናብ ጠግቦ በበቀለ የስዊድን አጃ ላይ የሚጻፍ 48 ሊትርና ከዚህ ጉድጓድ የሚወጣ 371 ሊትር በአንድ ዓምድ መደመር የለባቸውም። የሩዝ ማሳ በበኩሉ በውሃ ተጥለቅልቆ ስለሚከርም አየር ያጣው ጭቃ ሚቴን ያመነጫል፤ ይህ ከላሟ ሆድ የሚወጣው ያው ጋዝ ነው።

አጃ ከአልሞንድ የተሻለ ጠበቃ ይገባዋል። ለመሬቱ ገር ነው፣ ውሃው ትንሽ ነው፣ ማኪያቶ ላይ አረፋው ያምራል። የአጃ መጠጥን በዘመናዊ መንገድ የሠሩት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ዘዴያቸውም የእህሉን ስታርች በኢንዛይም መሰባበር ነው። ስታርቹ ሲሰበር ማልቶስ የሚባል ስኳር ይሆናል። «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚል ካርቶን ጣፋጭ የሆነው ለዚህ ነው፤ ስኳሩ ከውጭ አልገባም፣ ውስጥ ተፈጠረ። የኢትዮጵያ አራስ ቤት የሚያውቀው የአጃ አጥሚት ከዚህ በእጅጉ ይለያል። አጥሚት እህሉን እንዳለ ይዞ የሚፈላ ወፍራም ምግብ ነው፤ የካርቶኑ መጠጥ ግን ተጣርቶ ገለባውና ብዙው ፕሮቲን ከወጣለት በኋላ የቀረው ፈሳሽ ነው። እሱን የአጥሚት ዘመናዊ ወንድም አድርጎ ለአራስ ማቅረብ አያስኬድም።

ለዚህ ሁሉ መልስ የሚሆነው አኩሪ አተር በሕዝብ ዘንድ ከሁሉም የባሰ ስም አለው፤ የነገሩ አስገራሚ ገጽታም ይህ ነው። አንደኛው ክስ የአማዞንን ደን ያስጨፈጭፋል የሚል ነው። ከዓለም የአኩሪ አተር ምርት ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሄደው ለከብት፣ ለዶሮና ለአሳማ መኖ ነው፤ ወተትና ቶፉን ጨምሮ በቀጥታ ለሰው ምግብነት የሚውለው 7 ከመቶ ያህል ነው። ደን የተመነጠረበት አኩሪ አተር ካለ ቀድሞ የሚገኘው ዶሮ ጥብሱ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ክስ የወንድን ሆርሞን ያዛባል የሚለው ሲሆን፣ በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመሩ ጥናቶች በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. በቴስቶስትሮን ላይ ያገኙት ለውጥ የለም። እውነተኛዎቹ ድክመቶቹ ሌሎች ናቸው፦ ለአለርጂ የሚዳርጋቸው ሰዎች አሉ፤ ጥሬውን ወይም በደንብ ሳይፈላ ከተጠጣ ሆድ ያውካል፤ ሽታውን የማይወድም ብዙ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ2020 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ላለው ጊዜ ባወጣው የአመጋገብ መመሪያ ከዕፅዋት መጠጦች ሁሉ ለይቶ ከወተት ምድብ ያስገባው ካልሲየምና ቫይታሚን የተጨመረበትን የአኩሪ አተር መጠጥ ብቻ ነው።

«የትኛውም ይሻላል» የሚለው አባባል ልጆች ላይ ሲደርስ ከስሕተትነት አልፎ አደጋ ይሆናል። በ2001 እ.ኤ.አ. «ፔዲያትሪክስ» የተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ከአሜሪካ የሁለት ሕፃናት ታሪክ አውጥቶ ነበር። ሁለት ዓመት ያልሞላው አንደኛው በሩዝ መጠጥ ሲያድግ ቆይቶ በክዋሽዮርኮር፣ ማለትም ሰውነትን በሚያሳብጠው የፕሮቲን እጥረት፣ ሐኪም ቤት ገባ። ሌላው ቫይታሚን ዲ ያልተጨመረበት የአኩሪ አተር መጠጥ ሲሰጠው ኖሮ አጥንቱ የለሰለሰ፣ ሪኬትስ የያዘው ልጅ ሆነ። ወላጆቹ ድሆች አልነበሩም፤ ጤናማ ነው የተባለውን የገዙ ሰዎች ነበሩ። የብሪታንያ የጤና አገልግሎት የሩዝ መጠጥ በውስጡ ባለው አርሰኒክ ምክንያት ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ይመክራል። ሁለተኛው ልጅ አኩሪ አተር ራሱ ማዕድንና ቫይታሚን ካልተጨመረበት ወተት እንደማይተካ ያሳያል፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ከእናቱ ጡት ወይም ለእሱ ከተዘጋጀው ፎርሙላ በቀር በየትኛውም ማደግ የለበትም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የዕፅዋት ወተት ገበያውን የፈጠረው የአየር ንብረት ሥጋት ሳይሆን ጾም ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም በአብዛኞቹ ሳምንታት አሉ። የአዲስ አበባ ካፌ የጾም ማኪያቶ የሚያቀርበው ለዚህ ነው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ያለው ጿሚም የአልሞንድ ካርቶን የሚያነሣው ለዚሁ ነው። የሊትሩ ሰንጠረዥ ዋና ግምት፣ ማለትም አንድ ሊትር የዕፅዋት ወተት አንድ ሊትር የላም ወተት ይተካል የሚለው፣ እዚህ ይፈርሳል። በጾም የሚተካው ወተት የለም፤ ጿሚው ካርቶኑን ባይገዛ የሚጠጣው ጥቁር ቡና ወይም ሻይ ነበር። ላሟም አትጾምም። በሁዳዴ ትታለባለች፤ ሸማች ያጣው ወተት ይናጥና ቅቤ ይሆናል፣ ካልሆነም ይበላሻል፤ ከሆዷ የሚወጣው ሚቴን ግን አንድም አይቀንስም። ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ የአልሞንድ ካርቶን በዚህ ሁኔታ የሚያድነው ጋዝ የለም፤ ይጨምራል እንጂ። ጥፋቱን በመርከቡ ላይ መጫን አይገባም፤ በባሕር የሚጓዝ ዕቃ የሚለቀው ጋዝ ከእርሻው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የሚያስቆጨው ከአሥር ዘጠኙ እጅ ውሃ የሆነ ነገር በዶላር መገዛቱ ነው።

የኢትዮጵያ ላም ራሷ በዓለም አማካይ አትገለጽም። የአገሩ ዝርያ በቀን 1.5 ሊትር እንኳ የማትሞላ ስለሆነች፣ ለመኖሯ ብቻ የምታወጣው ሚቴን በጥቂት ሊትር ላይ ይከፋፈላል፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የአገሪቱ ወተት በኪሎ በአማካይ ከ20 ኪሎ በላይ ጋዝ ይሸከማል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን እዚህም መስፈሪያው ጎደሎ ነው። ያቺ ላም ሰው የማይበላውን ጭድና ሣር ትበላለች፤ ኩበቷ ማገዶ ነው፣ ጥጃዋ ነገ የሚያርስ በሬ ነው። ከዚህ የሚከተለው መኖዋን፣ ጤናዋንና ዝርያዋን ማሻሻል ነው፤ ድርጅቱም የመከረው ያንኑ ነው። በአልሞንድ ተኩዋት የሚል ምክር ከዚህ ቁጥር አይወጣም።

የጾም ማዕድ ግን ክፍተት አለበት፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ፕሮቲኑን ሽሮና ምስሩ፣ ከካልሲየሙ የተወሰነውን ጤፉ ይሸፍናሉ። ቢ12 ግን ከየትም አይመጣም። ልጆች ከ7 ዓመት በፊት እንዲጾሙ ባይጠበቅም፣ ቤቱ ሲጾም ማጀቱም አብሮ ስለሚጾም የእነሱም ድርሻ ይቀራል። የጾም ወተት በመሥራት ረገድ ግን አገሩ ልምድ አለው። ሱፍ ቀቅሎ፣ ወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል፣ ከነጩ ፈሳሽ ላይ ሎሚ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሮ እንጀራ መፈትፈት የዕፅዋት ወተት ከሚባለው የካርቶን ምርት ሁሉ የቀደመ ሙያ ነው። የአኩሪ አተሩም አሠራር ከዚህ አይርቅም፦ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረ ፍሬ ይታሻል፣ ይፈጫል፣ ይጠለላል፣ ገንፍሎ እንዳይፈስ እየተማሰለ በደንብ ይፈላል። ከአንድ ኪሎ ፍሬ ከ6 እስከ 8 ሊትር ይወጣል። ሰብሉ በቤንሻንጉል ጉሙዝና በምዕራብ ኢትዮጵያ ይመረታል፤ የፓዌ የግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያ ሲያሻሽልለት ኖሯል፤ በኢትዮጵያ ምርት ገበያም ይሸጣል። ብዙው ግን ሳይፈጭ ከአገር ይወጣል።

ቤት የተሠራው የአኩሪ አተር ወተት ፕሮቲን አለው፤ ካልሲየሙ ትንሽ ነው፣ ቢ12 ጭራሽ የለውም። ያንን መጨመር የሚችለው ፋብሪካ ነው። ለዱቄትና ለምግብ ዘይት ቫይታሚን መጨመርን ግዴታ ያደረገች አገር ለጾም ወተትም ደረጃ ልታወጣ ይገባል፤ ወተት ነጋዴውም ሁዳዴ ሲገባ ሥራ ፈትቶ የሚከርመውን ማሽን ለዚህ ሊያውለው ይችላል። ለቡና ጠብታ የሚፈልግ ሰው የወደደውን ይግዛ። ወተት ብሎ ለልጁ፣ ለአራሷ ወይም ለሽማግሌ አባቱ የሚገዛ ግን ካርቶኑን ገልብጦ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ይይ፤ 3 ግራም ካልደረሰ በእጁ የያዘው ጣዕም ያለው ውሃ ነው።